በሙሉ ድምፅ የተማረከች ከተማ

ሌሎች ከተሞች በመድፍ ተደብድበው፣ በረሀብ ተከበው፣ ወይም ከውስጥ በከዳ ሰው ተከፍተው ይወድቃሉ። ያን ጊዜ አዋሳ እያልን የምንጠራት ሀዋሳ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። እሷ የወደቀችው በአንድ የቴኒስ ጠረጴዛ ላይ፣ ከከሰዓቱ ሻይ በፊት፣ አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስ፣ በደማቅ ጭብጨባ ታጅባ ነው። ይህን የመሰለ ድንቅ ክንውን እስከ ዛሬ ድረስ በወግ በማዕረጉ የተረከው ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል። ባለ ታሪኮቹ ትሑታን ስለሆኑ ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም፤ ሸክሙ በእኛ ላይ የወደቀው ለዚህ ነው።

ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የነበረበት፣ የሰፈራው ዘመቻ የተፋፋመበት ዘመን ነው። በከተማዋ ውስጥ ስሙ ከበሩ በላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ አልፎ ግድግዳው ላይ የሚቀጥል አንድ ኮሚቴ ነበር፦ የከተማ መከላከል፣ የንቃትና የዝግጁነት አስተባባሪ ንዑስ ኮሚቴ። የሚከላከለው ነገር ስላልነበረ ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። ጦርነቱ ያለው ወዲያ በሰሜን፣ የአገሩን እኩሌታ ተሻግሮ ነው። ከሐይቁ እየወጣ የሰው በቆሎ ከሚግጥ ጉማሬ በቀር ከተማዋን የደፈረ አልተገኘም፤ የጉማሬውም የፖለቲካ አቋም ገና አልተጣራም። ሰነፍ ኮሚቴ ቢሆን ይህን አይቶ ይበተን ነበር። የእኛው ግን ጠላት በሌለበት መዘጋጀት የዝግጁነት ሁሉ ቁንጮ መሆኑን ተገንዝቦ በየሳምንቱ ይሰበሰብ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ሽበሺ ይባላል። ቀድሞ የእህል መጋዘን ኃላፊ የነበረ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ አዳራሽ የሚገባ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሴሚናር ሄዶ፣ ከአንድ የጦር ቢሮ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰበት ትልቅ ገበታ አየ። ገበታው ላይ ተራራና መንደር ተሠርቶ፣ መኮንኖች ትናንሽ ወታደሮችን በዘንግ እየገፉ ይዋጉበታል። ጓድ ሽበሺ ሲመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ኮሚቴውን ሰብስቦ፣ ከተማችንን ከላይ ሆነን ካላየናት እንዴት እንከላከላታለን ሲል ጠየቀ። የንቃት ክፍል ኃላፊዋ ጓዲት ፅጌ፣ ከላይ ሆኖ ማየት የአመራር መለያ ባሕርይ መሆኑን አብራራች። አባላቱ እጅ አወጡ፤ ተወሰነ።

ከተማዋን ማን ይሥራት? በዚህ ጊዜ ነው መምህር በላይነህ ወደ ታሪክ የገባው።

በላይነህ የእጅ ሥራና የሥዕል መምህር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከክብሪት ቀፎ ቤት፣ ከሻማ ፍርፋሪ ሰው ሲሠራ ያደገ፣ ይህንንም እንደ ገመና ደብቆ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ እታፈራሁ ብዙ ዓመት ተጠብቆ የመጣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። በዚያው ሰሞን መምህራን ወደ ቆላው ሄደው ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ሲታዘዝ የበላይነህም ስም ተያዘ። ሂድ የተባለበትን አገር በካርታ ላይ ፈልጎ አጣው። ሰውየው ሞትን ያን ያህል አይፈራም፤ ልጁ ሲወለድ ደጅ ላይ ቆሞ አለመጠበቅን ግን አጥብቆ ፈራ። እናም ጓድ ሽበሺ ቢሮው ጠርቶ የገበታውን ነገር ሲነግረው፣ ሳያስጨርሰው እሠራለሁ አለ።

«ብቻ ሥራው ያማረ ይሁን» አለው ሊቀ መንበሩ ትከሻውን መታ እያደረገ። «የዘመቻውን ነገር ለእኔ ተወው።»

እታፈራሁ ይህን ስትሰማ፣ ከተማ ሠርተህ ከተማ ውስጥ ከቀረህ እሰየው አለች፤ ግን ሰውየው የባሏን ትከሻ መታ መታ ማድረጉን አልወደደችውም።

ጠረጴዛውን የወጣቶች ማኅበር በአብዮታዊ ፈቃደኝነት አበረከተ፤ ፈቃደኛ መሆኑን ያወቀው ጠረጴዛው ከተወሰደ በኋላ ነው። በላይነህ ሥራውን የጀመረው ከመሬቱ ነበር። ቤት ማንም ይሠራል፣ ከተማን ከተማ የሚያደርጋት መሬቷ ነው ይል ነበር፤ አስፋልቷ፣ አቧራዋ፣ ዝናብ ያቆረው ውሃዋ። ጠረጴዛው ላይ ኮምፔንሳቶ መታበት። ከሐይቁ ዳር አሸዋ አምጥቶ በወንፊት ነፋ፣ ከከሰል ዱቄት ጋር ቀላቀለ፣ በኮላ ለወሰና በቢላዋ ጀርባ እየዳመጠ አስፋልት አነጠፈ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረገው፤ መኪና የሚመላለስበትን መሐሉን ደግሞ ሻይ በነካ ጨርቅ አፈዘዘው። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ የክብሪት እንጨት፣ ኮረኮንቹ የተከካ ሸክላ፣ ሣሩ አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ፣ ዛፉ የእንሰት ቃጫ ሆነ። ሐይቁ ከሥሩ ሰማያዊ የተቀባ የመስኮት መስታወት ነበር። በላይነህ ከገበያው ፊት ዝናብ ያቆረውን ውሃ በአንዲት ጠብታ ቫርኒሽ ሲሠራ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። በዚያ ሰዓት ዘመቻም፣ ኮሚቴም፣ ዘመንም አያስታውስም፤ ደስተኛ ነበር።

ኮላና ቀለም በከተማው ጠፍቶ ስለነበር አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የሙህዲን ሱቅ ሄደ። ለመንግሥት ሥራ እንደሚፈልገው በኩራት ተናገረ።

«ለመንግሥት ከሆነ የለኝም» አለ ሙህዲን። «ለአንተ ከሆነ ግን ቆይ፣ ጓዳ ልይልህ።»

ኮሚቴው ሥራውን በየጊዜው እየጎበኘ አመራር ይሰጥ ነበር። አመራሩ ባይኖር ገበታው ምን ያህል ይበላሽ እንደነበር ከአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በላይነህ የዋህ ስለሆነ ከተማዋን እንዳለች ሠርቷት ነበር። ጓድ ሽበሺ በጣቱ አስፋልቱን እየዳበሰ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉድጓድ ነው ጓድ ሊቀ መንበር። ገበያው ፊት ለፊት ያለው።»

«እሱማ በመጠገን ላይ ነው።»

«እንዳለ ልሥራው ብዬ ነው።»

«አንተ እንዳለ ከሠራኸው እኛ ምን ልንመራ ነው?»

ጉድጓዱ በዚያው ቀን ተደፈነ። በዚያ ዓመት በከተማዋ የተጠገነው መንገድ እሱ ብቻ ሲሆን፣ የጥገናው ጥራት እስከ ዛሬ አልተደገመም።

ቀጥሎ ጉዱማሌ መጣ። ሲዳማዎች አዲስ ዓመታቸውን ፍቼን የሚያከብሩበት ሰፊ ሜዳ ነውና በላይነህ ሣርና ዛፍ ብቻ አድርጎ ተወው። ጓዲት ፅጌ ግን በገበታው ላይ ክፍት ሜዳ ማለት የርዕዮተ ዓለም ክፍተት መሆኑን አስገነዘበች። ስለዚህ ከሻማ የተቀረጸ አንድ ቡጢ የጨበጠ ክንድ መሐሉ ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ክንዱ ይለሰልስና ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ያጎነብሳል። በየጊዜው የሚያቃናው ሰው ተመደበለት።

ወታደሮቹን በላይነህ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ አቅልጦ በሸክላ ቅርጽ አፈሰሳቸው። በቆባቸው ላይ በመርፌ ጫፍ ቀይ ኮከብ ነጠበላቸው፤ ዓይንና ቅንድብም ሳለላቸው። ለአዛዡ ትንሽ ቦርጭ ቀጠለለት፤ ጓድ ሽበሺ አንስቶ አገላብጦ አየውና ፊቱ በራ። ጠላትስ ከምን ይሠራ? ጓዲት ፅጌ፣ ጠላት ፊት ሊሰጠው አይገባም፣ ፊት ከሰጠነው ሊታዘንለት ይችላል አለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ጠላት የቢራ ቆርኪ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል፤ ጠላቱን የሚያመርት ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የኮሚቴው አባላት ያሳዩት መሥዋዕትነት በቃል የሚገለጽ አይደለም። ግዳጁን ለሌላ አላስተላለፉም። ከቢሮ ሲወጡ በቀጥታ ፊት ለፊት ወዳለው ቡና ቤት እየገቡ፣ የግል ጤናቸውን ሳይሳሱ፣ ጠላት አመረቱ። ከሚጠበቅበት በላይ አምርቶ በሰው ትከሻ ወደ ቤቱ የተሸኘም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ኪሱን በላይነህ ፊት ይገለብጣል። ጴንጤ በመሆኑ የማይጠጣው ሒሳብ ሹም ብዙአየሁ ብቻ የለስላሳ ቆርኪ ይዞ መጣ። እሱም ለጠላት መጠናከር ተገቢውን አስተዋጽኦ ባለማድረጉ ተሰብሳቢው ፊት ቆሞ ግለሂስ አደረገ።

ብዙም ሳይቆይ በመስታወቱ ሐይቅ ላይ የተሰለፈው ቆርኪ ሞልቶ ወደ ሣሩ ወጣ። የእርሳሶቹ ወታደሮች በዚያ ብልጭልጭ መሐል ጠፍተው ይፈለጉ ጀመር።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጠላት በዛ እኮ» አለ በላይነህ።

«ይብዛ! ድሉም ይበዛል» አለ ጓድ ሽበሺ፤ ያን ምሽትም ድሉን ለማብዛት ወጣ።

የጨዋታው ደንብ ቀላል ነበር። በላይነህ በመጀመሪያ፣ ተኩስ መምታት አለመምታቱን ባለ ስድስት ገጹን ዳይ ጥለን እንወስን ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጓዲት ፅጌ ክው አለች። ዳይ ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ዕድል ነው፤ የታሪክን ሕግ ለዕድል አሳልፎ መስጠት ኋላቀርነት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተኩስ በእጅ ማውጣት እንዲወሰን ተደረገ። ወገን ሲተኩስ እጅ ሁሉ ይወጣል፤ መታ። ጠላት ሲተኩስ አንድም እጅ አይወጣም፤ ሳተ። በዚህ ሳይንሳዊ ዘዴ ጠላት በየልምምዱ ሻይ ሳይቀርብ ይደመሰስ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ተፈጠረ፤ ጠላትን የሚያንቀሳቅስ ሰው ጠፋ። ማን ይሁን ሲባል አዳራሹ ሁሉ ጫማውን ያያል። ቢያሸንፍ ምን ሊባል ነው? ሆን ብሎ ቢሸነፍስ፣ አሻጥር ሠራ አይባልም? በመጨረሻ የኮሚቴ አባል ያልሆነው በላይነህ ተመረጠ። በየልምምዱ መጀመሪያ ተነሥቶ፣ ይህን የምጫወተው ታዝዤ ነው፣ ልቤ ከወገን ጋር ነው ብሎ ማስታወቅ ነበረበት። ከዚያም በሐይቁ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይሸነፋል። መሸነፉን ከልቡ ነበር የሚሠራው። በተሸነፈ ቁጥር ልጁ ወደሚወለድበት ቀን አንድ እርምጃ የቀረበ ይመስለው ነበር።

ያ ሁሉ ልምምድ የተደረገው ከማዕከል ለሚመጡ አንድ ትልቅ ጓድ ነው። ጓድ ደረሰ ይባላሉ፤ ጥቁር መነጽር የሚያደርጉ፣ ሲናገሩ «ለመሆኑ» ማለት የሚወዱ፣ ፈገግ ሲሉ ሰው የሚደነግጥላቸው ሰው ናቸው። የመጡ ዕለት አዳራሹ ተጠረገ፣ ክንዱ ተቃና፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ብቸኛ ባለመደገፊያ ወንበር ተፈልጎ ነፋሻ ቦታ ላይ ተደረገ። ነፋሻው ቦታ የሐይቁ ነፋስ የሚገባበት፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ነው። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። እንግዳን የተሻለው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ስናድግ የለመድነው ነውና ማሰብ አያስፈልገውም። ጓድ ደረሰ ገቡ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው የተደረደረውን ብልጭልጭ ሠራዊት አይተው ረኩ።

በዚህ ጊዜ ነው ጓድ ሽበሺ ወንበሩ በማን በኩል መሆኑን ያስተዋለው። እንግዳ ከተቀመጠበት አይነሳም። የበላይ እንግዳ ደግሞ፣ ጓድ፣ የተቀመጡት በጠላት ወንበር ነው አይባልም።

«ለመሆኑ የምጀምረው እኔ ነኝ?» አሉ ጓድ ደረሰ።

«ጓድ፣ ያ ወንበር እኮ…» ብሎ በላይነህ ጀመረ። የሊቀ መንበሩ ጫማ እግሩ ላይ አረፈ። ጫማው ከባድ ነበር፤ በላይነህም እታፈራሁን አሰበና አፉን ዘጋ።

«አዎ ጓድ፣ እርስዎ ነዎት» አለ ጓድ ሽበሺ። «ሜዳው የእርስዎ ነው።»

ጓዲት ፅጌ ደንቡን አስረዳች። ጓድ ደረሰ፣ ዲሞክራሲያዊ ነው ብለው አደነቁና የመጀመሪያውን ተኩስ ወደ ሐይቁ ዳር ጥበቃ ላኩ። መታ የምትሉ ሲባል የአዳራሹ እጅ በአንዴ ወጣ። ሁለተኛው ተኩስም መታ። ተራው የጓድ ሽበሺ ሆነ፤ ባለ ኮከቦቹን ወታደሮች በዘንጉ ሁለት ጣት ያህል ገፋና አስተኮሰ። መታ የምትሉ ተባለ። አንድም እጅ የለም። ብዙአየሁ የለመደውን እጁን ሊያነሳ ሲል ጎረቤቱ ክርኑን ያዘው። የራሱ ተኩስ አለመምታቱን በመጀመሪያ በጭንቅላቱ ንቅናቄ ያረጋገጠው ራሱ ጓድ ሽበሺ ነው፤ እንዲህ ያለ ለእውነት የቆመ አዛዥ በየትኛውም የጦር ታሪክ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ውጊያ ሳይሆን አቀባበል ነበር። ቆርኪው ከመስታወቱ ወጥቶ በሰጋቱራው ሣር ላይ ተዘረጋ። በጉዱማሌ ሲያልፍ የሻማው ክንድ አጎንብሶ ጠበቀው። በአስፋልቱ ላይ ደግሞ እንደ ልቡ ፈጠነ፤ ያ ጉድጓድ ሳይደፈን ቀርቶ ቢሆን ምናልባት እዚያ ጋ ትንሽ ይዘገይ ነበር። ፖስታ ቤቱ ተያዘ፤ ተጨበጨበ። ባንኩ ተያዘ፤ ተጨበጨበ። አዲስ ከተማ እጅ ሰጠ። ጓድ ደረሰ ጃኬታቸውን አወለቁ። የወደቁትን የእርሳስ ወታደሮች በመዳፋቸው ጠራርገው ከጠረጴዛው ሲያወርዱ የአንዱ አንገት ተሰበረ። በላይነህ ከግድግዳው ተደግፎ ያይ ነበር፤ ያን ቅንድብ የሳለበት ቀን ትዝ አለው። በመጨረሻም ጓድ ደረሰ አንድ ቆርኪ አንስተው፣ ኮሚቴው በዚያች ሰዓት በተቀመጠበት አዳራሽ አምሳያ ትንሽ ጣሪያ ላይ ቁጭ አደረጉ። ኮሚቴው ቆሞ አጨበጨበ።

«ግሩም ነው» አሉ ጓድ ደረሰ ላባቸውን እየጠረጉ። «እንዲህ የተቀናጀ ማጥቃት በግንባርም አላየሁም። ለመሆኑ ይሄ ጠላት…» ከመሬት አንድ ወታደር አነሱና ወደ መነጽራቸው አስጠጉት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮከብ አለው።»

ጓድ ሽበሺ ጠረጴዛውን የሚያስተካክል መስሎ ባለ ቦርጩን አዛዥ በመዳፉ ሸፈነና ኪሱ ከተተው። ሁሉም ሰው፣ አሁን ምን እንደተደረገ ማን እንደሚናገረው ይጠብቃል። ማንም ከተናገረው፣ ማዕከሉ ራሱ መጥቶ ከተማዋን ለጠላት ወግኖ ያዛት፣ ኮሚቴውም አጨብጭቦ አስረከበ ማለት ነው።

ንቃተ ኅሊና የሚታየው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ጓዲት ፅጌ ተነሣች።

«ጓድ፣ ጠላት የወገንን ልብስ ለብሶ ሰርጎ ሲገባ እንዴት እንደሚለይ ለማሳየት ታስቦ ነው።»

የጓድ ደረሰ ፊት ተፈታ። «እሱማ ገብቶኛል። እነዚህኞቹስ?» አሉ ወደ ቆርኪው እየጠቆሙ።

«በቀጥታ ከኮሚቴው አባላት የተገኙ ናቸው» አለ ጓድ ሽበሺ፤ ይህም ፍጹም እውነት ነበር።

እነሆ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቆርኪው ወገን፣ ኮከቡ ጠላት ሆነ። ከተማዋም አልተማረከችም፤ ነፃ ወጣች። ከማን ነፃ ወጣች ብሎ የጠየቀ ጨዋነት የጎደለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ተነፈሰ፤ በላይነህም አብሮ ተነፈሰ፣ አበቃ፣ አማረ፣ እቀራለሁ ብሎ አሰበ።

ጓድ ደረሰ ግን ወታደሯን ገና አላስቀመጧትም።

«ለመሆኑ ጠላትን እንዲህ ያሳመረው ማነው? የራሳችን ሠራዊት ፊት የለው፣ ጠላት ቅንድብ አለው።»

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ በላይነህ።

«ለምን?»

ታዝዤ ነው ሊል ይችል ነበር። ወገን ናቸው ተብዬ ነው የሠራኋቸው ሊልም ይችል ነበር፤ እንዲያ ካለ ግን ቅድም የተዳፈነው ሁሉ ይገለጣል፣ ከእሱ ጋር አብሮ የማይወድቅ አይኖርም። ሁለቱንም አላለም።

«ወታደርም ቢሆን ሰው ነው፣ ፊት ሊኖረው ይገባል ብዬ ነው።»

ጓድ ደረሰ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ችግሩ የእጅ ሙያ ሳይሆን የአመለካከት ነው አሉ። ይህ ወንድማችን ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለጠላት የሚራራ ልብ በከተማ ተቀምጦ አይታረምም፣ ከሰፊው ሕዝብ ጋር በሥራ መታሸት ያስፈልገዋል። ይህን ብለው መፍትሔውን ለመድረኩ ክፍት አደረጉት።

ጓድ ሽበሺ ለመናገር የቀደመው አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ የዘመቻውን ነገር ለእኔ ተወው ብሎ ነበር፣ አሁንም ነገሩን በእጁ ያዘው። መምህር በላይነህ ከመጀመሪያው ተጓዥ ጋር ወደ ሰፈራው ጣቢያ እንዲሄድ፣ የጎጆ ሥራም እንዲሠራ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ።

«የምትደግፉ?» አለች ጓዲት ፅጌ።

እጆች ወጡ። ብዙአየሁ ዓይኑን ጨፍኖ አወጣ። ጓድ ደረሰ አዳራሹን ዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ሲቃኙ ከግድግዳው ሥር አንድ እጅ ወጥቶ አዩ። በላይነህም የዚያን ጊዜ አየው፤ የራሱ ነው። መቼ እንደወጣ አያውቅም። ያ ሁሉ ልምምድ፣ የምትደግፉ በተባለ ቁጥር አብሮ ሲወጣ የከረመ እጅ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወጥቶ ነበር። ሊያወርደው አሰበ። እጅ ሲወርድ ደግሞ ከሚወጣበት ጊዜ ይልቅ ይታያል። እንደተሰቀለ ተወው፤ ጓዲት ፅጌም ተቃውሞም ሆነ ድምፀ ተዓቅቦ አለመኖሩን አረጋግጣ፣ በሙሉ ድምፅ ብላ ዘጋችው።

እታፈራሁ ነገሩን ከራሱ አፍ ነው የሰማችው። በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ከነገራት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አንተስ?»

«ወጣ።»

«ምኑ?»

«እጄ። ሳላስበው ወጣ።»

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር፤ የቆመበትን ሁኔታ ስታይ ግን ካልሲዎቹን ታጥፍ ጀመር። በሳምንቱ የጭነት መኪናው ይዞት ሄደ።

ኮሚቴው ከማዕከል ምስጋና ደረሰው። የወገንን ኃይል ከራሱ አባላት በማመንጨቱ ተወድሶ ልምዱን ለሌሎች ከተሞች እንዲያካፍል ታዘዘ፤ አባላቱም በየከተማው እየዞሩ እስኪደክማቸው አካፈሉ። ወጣቶቹ የቴኒስ ጠረጴዛቸው እንዲመለስላቸው ቢጠይቁ፣ ስትራቴጂያዊ ምስጢር ስለሆነ ስለመኖሩም መናገር እንደማይገባ ተነገራቸው።

እታፈራሁ ወንድ ልጅ ወለደች። ደጅ ላይ ቆሞ የጠበቃት ሰው አልነበረም። በአራስነቷ መሐል ጓድ ሽበሺ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አስይዞ ሊጠይቃት መጣ። ከበሩ ላይ፣ እንኳን ማር… ብሎ ጀመረና የያዘውን ኃላፊነት አስታውሶ፣ በሰላም ተገላገልሽ በሚል ጨረሰው። ተቀምጦ ስለ ባሏ ብዙ ተናገረ። በራሱ ጉዳይ ላይ እንኳ ለውሳኔው ድምፁን የሰጠ፣ ከራስ በላይ የሚያስብ፣ ለልጁ አርአያ የሚሆን ጓድ ነው አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር፤ ዓይኑም እንባ አቅርሮ ነበር።

ሕፃኑ በእናቱ ጎን ተጠቅልሎ ተኝቷል። በንግግሩ መሐል ተንፈራገጠና አንዲት እጁን ከመጠቅለያው አውጥቶ ወደ ላይ ዘረጋት። ጓድ ሽበሺ እንደዚያ ቀን ሲስቅ ታይቶ አያውቅም።

«አየሽ ጓዲት እታፈራሁ! ይኸው ከአሁኑ ይደግፋል።»

እታፈራሁ የልጇን ጣቶች በከንፈሯ ነካ አደረገቻቸው። ከዚያም እጁን ወደ መጠቅለያው መልሳ፣ ጨርቁን ዞር አድርጋ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«በዚህ ቤት አባቱ ያወጣው ይበቃል» አለች።